መጠባበቂያ ቅጂ፦ ከኮምፒዩተሩ ጋር በሚመጡ መሣሪያዎች ፋይሎቻችንን ከጥፋት ማዳን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት የትምህርት ክፍል አንድ የማስተርስ ተማሪ የስስ ሽፋኖችን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በተለያየ የሙቀት መጠን ለዐሥራ አራት ወራት ሲለካ ቆየ። ተማሪው ቸልተኛ አልነበረም። ዘወትር ዓርብ ማታ የሳምንቱን ልኬቶች ከላፕቶፑ ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ወደ ቤቱ ሲመለስ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን ተሰረቀ። ላፕቶፑ በቦርሳው ውስጥ ነበር። ውጫዊው ሃርድ ዲስክም እንዲሁ። አማካሪው ዘንድ በኢሜይል ተልኮ የተገኘው የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ልኬት ብቻ ሲሆን፣ የቀረው እንደገና እስኪለካ ድረስ የተማሪው ምረቃ በአንድ ዓመት ተላለፈ።

ያን ዕለት ጧት «የሥራህ መጠባበቂያ ቅጂ አለህን?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ያለ ማመንታት «አዎን» ብሎ ይመልስ እንደነበር አንጠራጠርም። ቅጂ ነበረውና። የጎደለው የቅጂ ብዛት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በጥቂት የፊዚክስና የሒሳብ ዕውቀት አስደግፈን ለማሳየት፣ ቀጥሎም ተጨማሪ ሶፍትዌር ሳንገዛ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይዟቸው በሚመጣው መሣሪያዎች እንዴት ልናሟላው እንደምንችል ለማመልከት እንሞክራለን። በተማሪዎች ዘንድ የተለመደውን «ባክአፕ» የሚለውን ቃልና «መጠባበቂያ ቅጂ» የሚለውን በአንድ ትርጉም እንጠቀምባቸዋለን።

መረጃው በምን ላይ ያርፋል?

እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ለገበያ ያቀረበው ራማክ የተባለው ኮምፒዩተር፣ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች የተደረደሩበት ማከማቻ ነበረው። ይህ ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ የ1 ቴራባይት ዲስክ ከዚያ 250 ሺህ እጥፍ በላይ ይይዛል። ለዚህ ዕድገት ትልቅ ድርሻ ያለው አልበር ፌርና ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ1988 ተለያይተው በየፊናቸው የደረሱበት ግኝት ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራቸው በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ግኝቱ የዲስክ አንባቢ ራስ እጅግ ደካማ የሆነ ማግኔታዊ መስክን እንዲለይ አስችሏል፤ መስኩ ደካማ መሆን ከቻለ ደግሞ አንዱ ቢት የሚይዘው ቦታ ሊያንስ ይችላል።

ይሁን እንጂ የቦታው ማነስ ዋጋ አለው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል። ጠርዙ ከመሐሉ 3.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የጠርዙ ፍጥነት በሴኮንድ 18 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ከሚሮጠው ገጽ በላይ የሚንሳፈፈው አንባቢ ራስ ከገጹ የሚርቀው በጥቂት ናኖ ሜትር ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ሺህ ናኖ ሜትር ያህል መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ፣ ሃርድ ዲስክ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ለምን ብዙውን ጊዜ እንደማይተርፍ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማግኔታዊው ጽሑፍ በራሱ ግን እምብዛም አይደበዝዝም። እያንዳንዱ ቢት በጥቃቅን ማግኔታዊ ቅንጣቶች ላይ ይጻፋል። ቅንጣቱ አቅጣጫውን እንዳይገለብጥ የሚይዘው የኢነርጂ ግድብ አለ፤ የአካባቢው ሙቀት ደግሞ ያለማቋረጥ ይነቀንቀዋል። የግድቡ ኢነርጂ ከሙቀቱ ኢነርጂ 30 እጥፍ ቢሆን፣ ቅንጣቱ በራሱ ጊዜ እስኪገለበጥ በአማካይ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 40 እጥፍ ቢሆን ግን ከ7 ዓመት በላይ። ስሌቱን ማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ ቅንጣቱ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ለመገልበጥ ይሞክራል ብሎ ይነሣ፤ 2.718ን መጀመሪያ 30 ጊዜ፣ ቀጥሎ 40 ጊዜ በራሱ ያባዛና ውጤቱን ለአንድ ቢሊዮን ያካፍል። መልሱን በሴኮንድ ያገኘዋል። የዲስክ መሐንዲሶች ይህን ጥምርታ ከ60 እንዳይወርድ ይጠነቀቃሉ፤ ስለዚህ ሃርድ ዲስክን ቀድሞ የሚገድለው ማግኔቱ ሳይሆን መካኒኩ ነው።

በፍላሽና በኤስ.ኤስ.ዲ. ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። የሚንቀሳቀስ አካል የለም። ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ ባደረገው በዚህ ዘዴ መረጃው የሚጻፈው በቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ጀርባ ኤሌክትሮኖችን በማጎር ነው። የተጎሩት ኤሌክትሮኖች ቀስ በቀስ ያመልጣሉ፤ ሽፋኑ በተደጋጋሚ መጻፍ ሲያረጅና ቦታው ሲሞቅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያመልጣሉ። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ አድርጎ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ባዶ ፍላሽ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። ሌላም ነገር አለ። ከሃርድ ዲስክ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በባለሙያ እጅ ሊመለስ ይችላል። በኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ኮምፒዩተሩ የተሰረዘው ቦታ እንዲጸዳ ወዲያው ስለሚያሳውቅ፣ የተሰረዘውን ማስመለስ አብዛኛውን ጊዜ የማይቻል ነው። «ችግር ከመጣ ባለሙያ ያወጣልኛል» የሚለው የቆየ ተስፋ በአዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ መሠረት አጥቷል ማለት ነው።

የማባዛት ሕግ የማይሠራበት ቦርሳ

አሁን ወደ ተማሪያችን ቦርሳ እንመለስ። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ዲስክ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ብልሽት የመጥፋቱ ዕድል 5 ከመቶ ነው እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ አንባቢ በሌላ ቁጥር ቢተካው ነገሩ አይለወጥም። ሁለት ዲስኮች ቢኖሩን፣ ሁለቱም የመጥፋታቸው ዕድል 0.05 በ0.05 ሲባዛ 0.0025፣ ማለትም ከ400 አንድ ነው። ይህ ውጤት ደስ ያሰኛል፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ያቆማል።

ነገር ግን ዕድሎችን ማባዛት የሚፈቀደው ክስተቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ብቻ መሆኑን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተምረናል። በአንድ ቦርሳ የተያዙ ሁለት ዲስኮች ከብልሽት አንጻር ነጻ ቢሆኑም ከስርቆት አንጻር አንድ ዕቃ ናቸው። ቦርሳው በዓመት ውስጥ የመሰረቁ ዕድል 2 ከመቶ ቢሆን፣ መረጃው ሙሉ በሙሉ የመጥፋቱ ዕድል ከ400 አንድ መሆኑ ይቀርና 0.02 ሲደመር 0.98 በ0.0025፣ ማለትም ከ45 አንድ ያህል ይሆናል። ተማሪው ይህን ሰግቶ ሦስተኛ ዲስክ ቢገዛና እዚያው ቦርሳ ውስጥ ቢጨምረው፣ ዕድሉ የሚሻሻለው ወደ 50 አንድ ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛው ዲስክ ገንዘብ እንጂ ደኅንነት አልጨመረም።

ሦስተኛ ዲስክ ሳይገዛ ሁለተኛውን ዲስክ በእህቱ ቤት ቢያስቀምጠውስ? አሁን እያንዳንዱ ዲስክ በብልሽት ወይም በስርቆት የመጥፋቱ ዕድል 0.069 ያህል ነው፤ ሁለቱ ክስተቶች ግን እውነተኛ ነጻነት አግኝተዋል። ሲባዙ 0.0048 ይሆናሉ፤ ይህም ከ210 አንድ ያህል ነው። አንድም ብር ሳይወጣ፣ አንዱን ዲስክ ከአንድ ሠፈር ወደ ሌላ ሠፈር በመውሰድ ብቻ አደጋው ወደ አምስት እጅ ገደማ ቀነሰ። እንዲያውም ስሌታችን አደጋውን አጋንኖታል፤ ምክንያቱም አንደኛው ዲስክ በጠፋ ሳምንት አዲስ ገዝቶ መገልበጥ ስለሚቻል፣ ሁለቱ በአንድ ዓመት ሳይሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው መጥፋት አለባቸው።

ከስርቆት በቀር ቅጂዎቻችንን በአንድነት የሚያጠፉ ሌሎች የጋራ ምክንያቶችም አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተሰኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታል። ከጣሪያ የሚወርድ የክረምት ዝናብ ላፕቶፑንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ ለይቶ አያርስም። ከሁሉ የከፋው ግን ፋይሎችን በምስጢር ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የቫይረስ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 አገሮች ተዛምቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ሳይቀር አስተጓጉሏል። እንዲህ ያለ ቫይረስ በዩኤስቢ የተሰካውን ዲስክ ከኮምፒዩተሩ የውስጥ ዲስክ ለይቶ አያይም። በመሆኑም ቀንና ሌሊት ተሰክቶ የሚውል የመጠባበቂያ ዲስክ፣ ቦታው ቢለይም ዕጣው አልተለየም።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ከሦስቱ ቁጥሮች ውስጥ በተማሪ ኪስ ለሚኖር ሰው ዋናው የመጨረሻው ነው ባዮች ነን።

ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚመጡት መሣሪያዎች

በአገራችን አብዛኛው ተማሪ የሚጠቀመው ዊንዶውስን በመሆኑ በእርሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ከዚህ በታች የምንገልጸው መሣሪያ ግን በዊንዶውስ 10ም ሆነ በዊንዶውስ 11 ይገኛል። ስሙ ፋይል ሂስትሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውጫዊውን ዲስክ ከሰኩ በኋላ ኮንትሮል ፓነልን መክፈት፣ ከዚያም ፋይል ሂስትሪ የሚለውን መርጦ «ተርን ኦን» የሚለውን መጫን ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የተለወጡ ፋይሎችን በየሰዓቱ እየፈለገ አዲሱን ቅጂ ወደ ውጫዊው ዲስክ ይወስዳል። የቀድሞውን ቅጂ ግን አይሰርዝም። በሰኞው ጽሑፍ ላይ ማክሰኞ ያደረግነው ለውጥ ስሕተት ሆኖ ሐሙስ ቢታወቀን፣ የሰኞው ጽሑፍ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጠብቀናል። ቅጂዎቹ በዲስኩ ላይ የሚቀመጡት በልዩ ቁልፍ በታሰረ አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን፣ በስማቸው ላይ ቀንና ሰዓት የተጨመረባቸው ተራ ፋይሎች ሆነው ነው። ስለዚህ የራሳችን ኮምፒዩተር ቢጠፋ እንኳ ዲስኩን በጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ መክፈት ይቻላል። ይህ ጠባዩ ከሌሎች መሣሪያዎች አስበልጠን እንድንወደው አድርጎናል።

አንድ እንከን ግን አለበት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በእርሱ ነው። ፋይል ሂስትሪ ኮምፒዩተሩን በሙሉ አይገለብጥም። የሚገለብጠው ዴስክቶፑንና «ላይብረሪስ» በሚባሉት ስብስቦች ውስጥ ያሉትን፣ ማለትም የዶክመንት፣ የሥዕል፣ የሙዚቃና የቪዲዮ ፎልደሮችን፣ እንዲሁም ጥቂት ሌሎችን ነው። በሲ ወይም በዲ ድራይቭ ሥር በራሳችን ስም የከፈትነው ፎልደር አይካተትም። እንዲካተት ከተፈለገ በፎልደሩ ላይ የቀኝ ጠቅታ አድርጎ «ኢንክሉድ ኢን ላይብረሪ» በሚለው ትእዛዝ ወደ አንዱ ስብስብ ማስገባት ያስፈልጋል። መሣሪያው ስለቀረው ፎልደር አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል።

ዊንዶውስንና የጫንናቸውን ፕሮግራሞች ጭምር በአንድነት ፎቶግራፍ እንደማንሣት የሚገለብጥ «ሲስተም ኢሜጅ» የተባለ ሌላ መሣሪያም በኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ የዊንዶውስ 7ን ስም በያዘው የባክአፕ ገጽ ላይ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መሣሪያው ወደፊት እንደማይሻሻል አስታውቋል። አሁንም ይሠራል፤ ሆኖም በእርሱ ላይ ብቻ መመካትን አንመክርም። ዊንዶውስን እንደገና መጫን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የዐሥራ አራት ወራት ልኬትን እንደገና መጫን አይቻልም።

የአፕል ኮምፒዩተር ያላቸው አንባብያን ታይም ማሽን የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ መሣሪያ አላቸው። ላለፉት 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ላለፈው አንድ ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ላለው ደግሞ በየሳምንቱ የነበረውን መልክ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞላም የጥንቱን ይሰርዛል። ዲስኩ በይለፍ ቃል እንዲቆለፍ ማድረግም ይቻላል። በሊኑክስ ለሚሠሩት አርሲንክ የተባለው ትእዛዝ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ ያዘጋጁት ይህ ትእዛዝ ከአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይቶ በኔትወርክ መላክ በመቻሉ ይታወቃል።

«የተለወጠውን ብቻ» የሚለው አነጋገር ለእኛ አገር ኢንተርኔት ትልቅ ትርጉም አለው። 200 ጊጋባይት ፋይል ያለው ሰው በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሁሉንም ወደ ውጭ አገር ማከማቻ ልላክ ቢል፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ 4 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ያንኑ 200 ጊጋባይት በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ወደሚቀበል ውጫዊ ዲስክ ለመገልበጥ 33 ደቂቃ ይበቃል። ዲስኩን በቦርሳ ይዞ አንድ ሰዓት በታክሲ የሚጓዝ ሰው ከኢንተርኔቱ መስመር እጅግ የላቀ የመረጃ ፍሰት አለው። በአንጻሩ አንድ ተማሪ በቀን የሚጽፈው ወይም የሚለካው ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም፤ ይህም በዚያው መስመር በሴኮንዶች ይሄዳል። ስለዚህ ትልቁን ክምር በዲስክ፣ የዕለቱን ጥቂት ለውጥ በኢንተርኔት ማስኬድ የሚያዋጣ አከፋፈል ይመስለናል።

ማመሳሰልና መጠባበቅ

በዚህ ቦታ አንድ ስሕተት ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተሩ ገና ሲከፈት ፎልደሮቻችንን ወደ ዋንድራይቭ እንድንልክ ይጋብዘናል፤ ያለ ክፍያ 5 ጊጋባይት ይሰጣል። ይህ ግብዣ «ባክአፕ» የሚል ስም ቢይዝም፣ በመሠረቱ የሚሠራው ማመሳሰልን ነው። በላፕቶፑ ላይ የሆነው በማከማቻውም ላይ ይሆናል። ፋይል ሲታረም እዚያም ይታረማል። ሲሰረዝ እዚያም ይሰረዛል። በግል አካውንት የተሰረዘው ፋይል በማከማቻው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ለ30 ቀናት ስለሚቆይ ቶሎ ለነቃ ሰው መውጫ አለው፤ በሁለተኛው ወር ለነቃ ግን የለውም። ላፕቶፕ ሲሰረቅ ማመሳሰል ያድናል። የራሳችን እጅ ሲሳሳት ግን ስሕተቱን በትጋት ያባዛልናል።

በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘው ሮቦኮፒ የተባለው ትእዛዝም ሁለት ባሕርይ አለው። በተራ አጠቃቀሙ አዲስና የተለወጡ ፋይሎችን ወደ ውጫዊው ዲስክ በፍጥነት ይገለብጣል፤ ጎበዝ ነው። «ሚር» የተባለው ማዘዣ ሲጨመርበት ግን ሁለተኛውን ፎልደር የመጀመሪያው መስታወት ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው የሌለውን ሁሉ ከሁለተኛው ይሰርዛል። የመነሻውንና የመድረሻውን ቦታ አቀያይሮ የጻፈ ሰው ባዶውን አዲስ ዲስክ ወደ ሙሉው አሮጌ ዲስክ «ገልብጦ» ሁለት ባዶ ዲስኮች ይዞ ሊቀር ይችላል። ይህን ማዘዣ የሚጠቀም አንባቢ የአስገባ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት መስመሩን ሁለት ጊዜ ያንብብ።

የተቀዳው ፋይል ይነበባል ወይ?

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የሚመለከት፣ የውጭ መጻሕፍት የማያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደላትን በይፋ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ክፍሉ ይጻፍ የነበረው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ፎንቶች ነበር። የነዚህ ፎንቶች የቀድሞ ቅርጾች ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል ወይም ልዩ ምልክት ብሎ በሚያውቀው ቁጥር ላይ የ«ሀ»ን እና የ«ለ»ን ሥዕል የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ ከሌለ ሥዕሉ ይወልቃል፤ የሚቀረው ትርጉም የለሽ የምልክት ሰልፍ ነው። ቢቶቹ አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠው ጽሑፉ ግን ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ የአባት የእናቱን የቆየ ጽሑፍ፣ ወይም የትምህርት ክፍሉን የድሮ የመመረቂያ ጽሑፎች በሲዲና በፍላሽ የያዘ ሁሉ፣ የፎንቱን ፋይል ከጽሑፉ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጥ፤ ፎንቱ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ገና በእጁ ሳለም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ፤ ቢያንስ ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ ይያዝ።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው የቁልፍ ነገር ነው። ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች የውስጥ ዲስካቸውን ባለቤቱ ሳያውቅ በምስጢር ቆልፈው ይመጣሉ። ሌባ እንዳያነብበው ጥሩ ነው። ላፕቶፑ ሲበላሽና ዲስኩ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ሲሰካ ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችን ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩን የሸጠው ሰው በራሱ አካውንት ከፍቶት ከሆነ የሚገኘው በእርሱ ዘንድ ነው። ዛሬውኑ ፈልጎ በወረቀት ገልብጦ ከላፕቶፑ ርቆ በሚገኝ ቦታ ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሙከራው

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2»ን በማዘጋጀት ላይ ሳለ፣ አንድ የተሳሳተ የመሰረዣ ትእዛዝ የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል አጠፋ። ባለሙያዎቹ ወደ መጠባበቂያ ቅጂያቸው ሲዞሩ ቅጂው ለሳምንታት በትክክል እንዳልሠራ ተገነዘቡ። ፊልሙ የተረፈው ጌሊን ሰስማን የተባለችው የቴክኒክ ኃላፊ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር፣ እቤቷ በሚገኘው ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ በመገኘቱ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ያዳናቸው ለመጠባበቂያ የተዘጋጀው ሥርዓት ሳይሆን በሌላ ቤት የነበረ ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ዋና የመረጃ ቋቱ በስሕተት ሲሰረዝበት፣ ከዘረጋቸው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አልሠራለትም። ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ተገኝቶ ቋቱ ተመለሰ፤ የስድስቱ ሰዓት ሥራ ግን ቀረ። በሁለቱም ኩባንያዎች ቅጂ የሚወስደው ክፍል ነበረ። ያልነበረው፣ ቅጂውን መልሶ ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው።

በቤተ ሙከራ ያልተለካን ነገር «ይሆናል» ብለን አንጽፍም። በመጠባበቂያ ዲስክ ላይም ይኸው ይሠራል። ሙከራው የሚደረገው እንዲህ ነው፦ ዲስኩን የራሳችን ባልሆነ ኮምፒዩተር ላይ እንሰካለን። ከዓመቱ መጀመሪያ አንድ፣ ከመሐሉ አንድ፣ ካለፈው ሳምንት አንድ ፋይል በዘፈቀደ እንመርጣለን። ሦስቱንም ገልብጠን እንከፍታለን፤ ስማቸውን ማየት ብቻ አይበቃም። ከዚያ ወደ ራሳችን ኮምፒዩተር ተመልሰን ዛሬ ማታ ላፕቶፑ ቢጠፋ የምናለቅስለት ፎልደር የትኛው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅና በዲስኩ ላይ እንፈልገዋለን።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የምንመክረውን በራሳችን ላይ ሳንፈትን እንዳንቀር በማሰብ፣ ለሁለት ዓመት ያህል በፋይል ሂስትሪ ስናስገለብጥበት የቆየነውን ዲስክ ወስደን በሥራ ባልደረባችን ኮምፒዩተር ላይ ሰካነው። የትምህርት ማስታወሻዎቹ ተከፈቱ። የፈተና ጥያቄዎቹ ተከፈቱ። ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናታችን ባሕር ማዶ ሳለን የሰበሰብናቸው ልኬቶች ግን በዲስኩ ላይ አልነበሩም። ላፕቶፑን ስንገዛ በዲ ድራይቭ ሥር «ዳታ» ብለን በከፈትነው ፎልደር ውስጥ አስቀምጠናቸው ኖሮ፣ መሣሪያው ከላይ እንደገለጽነው ዝም ብሎ ትቷቸዋል። ለሁለት ዓመት ቅጂ አለን ስንል የኖርነው በሌለ ቅጂ ነው። ያን ዕለት ፎልደሩን ወደ ዶክመንት ስብስብ አስገባነው፤ 61 ጊጋባይት ለመገልበጥ ከምሳ በፊት ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀ። ማታ ዲስኩን እንደገና በባልደረባችን ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን የመጀመሪያውን የልኬት ፋይል ስንከፍት ቁጥሮቹ ወጡ። ዲስኩንም እዚያው እርሱ ቤት ትተነው መጣን፤ የእርሱ ዲስክ ደግሞ አሁን በእኛ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑም እንለዋወጣለን።